የረመዳን ቀማሽ

ማዳም ውዳድ ክርስቲያን ሠራተኛ የምትቀጥረው ለጽድቅ ብላ አይደለም፤ ለጨው ብላ ነው። በረመዳን ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚጾም ድስት የሚቀምስ ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ራስ ዲካ ሰፈር ያለው ቤቷ አንድ የማይጾም ምላስ ያስፈልገዋል። ጓደኛዬን እንቁን የቀጠረቻት ለዚሁ ነው። ብልጠቷ ጥሩ ነበር፤ ዘንድሮ ሁዳዴ ከረመዳን ጋር እንደሚገጥም ማሰብ ረሳች እንጂ።

እኔ እዚያው ከተማ፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ሌላ ቤት ነው የምሠራው። ያን ቀን ከሰዓት እንቁ ደወለችልኝ።

"አበሩ፣ ማዳም የሩዙን ሥጋ ቅመሺ አለችኝ። ሁዳዴ ነው፣ አልቀምስም አልኳት።"

"እሷስ ምን አለች?"

"አማቷ ዛሬ ከድሬዳዋ ይገባሉ። ምግቡ ከተበላሸ እሳቸው በመጡበት ባቡር ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ አለችኝ።"

ደሜ ፈላ። እንቁ በምትልከው ደሞዝ ታናሽ እህቷ ነርስነት ትማራለች።

"አንቺ ሴትዮ! የምላስሽን ጫፍ አስነክተሽ ትፊዋለሽ፣ አለቀ! ካልሆነም ሳትቀምሺ ቀምሻለሁ በያት። እግዚአብሔር የምላስ ጫፍ ሲቆጣጠር አይውልም።"

"በግማሽ ልታዘዘው?" አለችኝ እየሳቀች። "ካመንኩት አመንኩት ነው። እንጀራዬ በእሱ እጅ እንጂ በማዳም እጅ አይደለም። በይ ቻው፣ ሽንኩርቱ እያረረብኝ ነው።"

ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ተናደድኩባት፤ ፈራሁላትም።

የቀረውን እሷ እንደነገረችኝ ልንገራችሁ። አማተበችና "ጌታ ሆይ፣ ጨውም ያንተ ነው" ብላ በተነች። ከበዛ አይቀነስም ብላ ስለሰጋች ግን እጇ ሳሳ። አዛን ሲሰማ ቤተሰቡ በቴምር አፈጠረ፣ ሩዙ ቀረበ። የውዳድ አማት እማማ ማይሙና አንድ ጊዜ ጎርሰው ማኘካቸውን አቆሙ።

"ይሄ ምግብ ጨው የሚባል ነገር አላየም!"

የውዳድ ፊት ቲማቲም መሰለ። "ቅመሺ ብላት ጾመኛ ነኝ ብላ እምቢ አለችኝ። ነገ እሸኛታለሁ።"

እማማ እንቁን አስጠሯት።

"ልጄ፣ ስታበስዪ ማእድ ቤት ማን ነበር?"

"ማንም አልነበረም፣ እማማ።"

"ታዲያ ማን ያይሻል? ቀምሰሽ ዝም አትዪም ነበር?"

"የምጾምለት ያየኛል።"

እማማ ማይሙና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "ወላሂ ውዳድ፣ ይቺን ልጅ ካባረርሽ እኔም አብሬያት ነው የምሳፈረው! ሰው በሌለበት ድስት ያልነካች፣ ቤትሽን ሁሉ ብትተዪላት ምን ትነካብሻለች?" ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ደግሞስ እኔ ምን ሥራ አለኝ? ስኳር ስላለብኝ ሐኪም ጾም ከልክሎኛል። ሰው እየጾመ እኔ ስበላ ስለማፍር ረመዳን በመጣ ቁጥር የምደበቅበት ይጠፋኛል። ከነገ ጀምሮ ቀማሿ እኔ ነኝ። አሁን ጨው አምጡ!"

በሳምንቱ እንቁን ልጠይቃት ሄድኩ። እማማ ምድጃው አጠገብ ወንበር አስቀምጠው፣ ማንኪያ ጨብጠው ያዛሉ። "ጨው ጨምሪ! ቁንዶ በርበሬውስ የታለ?" ፊታቸው በርቷል፤ በዚህ ረመዳን እሳቸውም ሥራ አግኝተዋል። ሳምቡሳውን "እስቲ ልቅመሰው" እያሉ ሦስተኛውን ጀምረዋል።

"ሳልለምነው ቀማሽ ላከልኝ" አለችኝ እንቁ በጆሮዬ። "ችግሩ፣ ድስቱን ሊጨርሱብኝ ነው።"

እየሳቅሁ ወደ ካርቲየ 5 ተመለስኩ። የእኔም አሠሪዎች ይጾማሉ፤ የእኔም ድስት እየፈላ ነበር። እንደ ልማዴ ልቀምስ ማንኪያ አነሳሁ። ማእድ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። መረቁን ቀድቼ ወደ አፌ ካስጠጋሁ በኋላ እጄ እምቢ አለኝ።

ማንኪያዋን መልሼ አስቀመጥኩና "ማዳም!" ብዬ ተጣራሁ፣ "እኔ አልቀምስም፣ ሁዳዴ ነው!"

ሳቄ እየመጣ መልሷን ጠበቅሁ።