ረሃቤን የለወጠብኝ ምግብ ቤት

ቀረብ በሉ፣ ቀረብ። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ራቅ ብሎ የተቀመጠ ሰው ግማሹን ብቻ ይሰማና ነገ ገበያ ላይ ሌላውን ግማሽ ከራሱ ይጨምርበታል። ነገሬ አንድ ነው። ባንኮክ የሚባል ከተማ አንድ ምግብ ቤት ረሃቤን በሌላ ሰው ረሃብ ለወጠብኝ። እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም።

የሄድኩት በግንቦት ነው፣ ለጉልበቴ። ልጄ ዘርፌ ወሰደችኝ። ሐኪሞቹ ደጎች ናቸው፣ ጉልበቴንም አበጁልኝ፤ በነሱ ነገር የለኝም። ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን ዘርፌ፣ «እማዬ፣ እዚህ ድረስ መጥተንማ የሆስፒታል ሾርባ ብቻ ጠጥተን አንሄድም» አለችና ለምሳ ወደ አንድ ዘመናዊ ምግብ ቤት ይዛኝ ሄደች። ሃምሳው ስላልወጣ ጾም የለም፤ እሺ አልኳት።

ግድግዳው አልተለሰነም። የሀብታም ቤት ነው፣ ግን አልተለሰነም። በሩ ላይ ኖይ የምትባል ልጅ ጫማችንን ተቀበለችን። ይኼ ደግ ሥርዓት ነው። ቀጥላ አንዲት ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ሆዴ ላይ ደገፍ አደረገችና ረሃቤንም ተቀበለችኝ። አያምም። ስቅታ እንደሚለቅ ለቀቀኝ። ዘርፌ ጠዋት ሆቴል በልታ ስለነበር የሚወሰድ ረሃብ አልተገኘባትም። ኖይ የኔን ማሰሮ በሙዝ ቅጠል ከደነች፣ በክር አሰረችና መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠቻት።

«ለምንድን ነው?» አልኳት። ዘርፌ ናት የምታስተረጉምልኝ።

«የራበው ሰው ይውጣል እንጂ አያጣጥምም» አለች ኖይ። «ሲወጡ እንመልስልዎታለን።»

የኔዋ ማሰሮ ዝም ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ግን ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ክዳኗን ከውስጥ የሚገፋት ነገር አለ። የአርኔ ናት። አርኔ ከኛ ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ ብቻውን የተቀመጠ፣ ከኖርዌይ የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። የመርከብ ሞተር ይጠግናል።

ምግቡ መጣ። ድንጋይ ላይ አንድ ጉርሻ። እሱ ሲነሳ እንጨት ላይ አንድ ጉርሻ። እኛ ለበዓል ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ጠጅ ሣር በሾርባ መጣ፤ በሶብላችንም መጣ፣ ከዶሮ ጋር። አልከፋም። ግን ያለ ረሃብ መብላት ሰው የሌለበትን ቤት ማንኳኳት ነው።

አምስተኛው ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር መጣ፤ ኮኮናት፣ ዝንጅብል፣ ኦቾሎኒ፣ ሎሚ። ይኼማ ጉርሻ ነው፣ ስሙ ጠፍቶት ነው እንጂ። አርኔን አየሁት። ሰው አጠገቤ ብቻውን ሲበላ እንዴት ዝም ልበል? ተነሥቼ በእጄ አጎረስኩት። አፉን ከፈተ፤ ሌላ ምን ያደርጋል።

ሁለተኛውን ላጎርሰው ዞር ስል ሰሃኑ ባዶ ነው።

«ሁለተኛ አምጪልኝ» አልኳት ኖይን።

«ለአንድ ሰው አንድ ነው።»

«ልጄ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል።»

ኖይ ወረቀት አውጥታ ጻፈችው። «ለሼፉ እነግረዋለሁ» አለች። ሁለተኛው አልመጣም።

አርኔ አውሮፕላኑ ደርሶበት ቀድሞን ወጣ። እኛ ስንወጣ ኖይ ማሰሮ አቀረበችልኝ፣ ክሩን ፈታች፣ ረሃቡ ገባ። መንገድ ዳር አንዲት ሴትዮ ሥጋ ትጠብሳለች። ባጠገቧ ሳልፍ ሆዴ ጮኸ። ቆምኩ።

«ዘርፌ፣ ይኼ የኔ አይደለም።»

«ምኑ፣ እማዬ?»

«ረሃቡ። የኔ አይጮህም።»

ዘርፌ እዚያው መንገዱ ላይ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሆዴ ላይ አደረገች። አዳመጠች። «እውነትሽን ነው» አለች።

ተመለስን። ኖይ መደርደሪያውን አየች፣ ቀጥላም እኔን።

«በእጅዎ አጎረሱት» አለች። «የአንድ ቤት ሰዎች መሰላችሁን። የአንድ ቤት ሰዎችን ማሰሮ ባንድ ክር ነው የምናስረው። ከዚያ ከባዱን ለታላቅ እንሰጣለን፣ ለክብር።»

«ለክብር» አልኩ።

ሼፉ ከጓዳ ወጣ። ወጣት ነው፤ ክንዱ ላይ ዓሣ ተነቅሷል። «እናቴ፣ ረሃብ ያው ረሃብ ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው የነደድኩት። ቁጭ በል አልኩት፤ ቁጭ አለ። «ያን ረሃብ እናቴ በሰባት ዓመቴ አስለመደችኝ፣ ስድሳ ዓመት አሳደግኩት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይ ስለው ይቆያል። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል። በክፉው ዓመት ቤቴ ውስጥ አንድ ዳቦ ነበረች፤ ልጆቼ ሦስት ናቸው። ተቀመጥ አልኩት፣ ተቀመጠ። ዳቦዋን ለሦስት ቆረስኳት። የፊት ጥርሶቹ የወለቁበት ጌጡ ከዚያ ዓመት አልተረፈም። ወንድሙና ዘርፌ ደርሰዋል፤ ዘርፌ ይቺውና። ልጆቹ ሲበሉ ከኔ ጋር ተቀምጦ ያየ ሌላ የለም፣ ያ ረሃብ ብቻ ነው። አንተ ለመርከብ ጠጋኝ ሰጥተኸው ረሃብ ያው ረሃብ ነው ትለኛለህ?»

ዘርፌ ሁሉንም አስተረጎመችለት። ጌጡ ላይ ስትደርስ እጄን ይዛ ቀጠለች።

ሼፉ ተነሥቶ መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ አለ። ከዚያ ሩዝ በማንጎ አመጣልኝ፣ ሙሉ ሰሃን። የአርኔ ረሃብ ጨረሰው።

አገሬ ገባሁ። የሰኔ ጾም በያዘ በሁለተኛው ቀን፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት፣ የእንቁላል ጥብስ ሸተተኝ። በጎረቤት መስኮት እጄን ሰድጄ ከመጥበሻው ላይ በላሁ። አትሳቂ ማሚቴ፣ ለልጆችሽ የጠበስሽው ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ፈትቼ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ሄጄ ተናገርኩ። «ሆዱ የርስዎ ነው፣ ረሃቡ የሰው ነው» አሉኝ። «ንስሐውን ለማን እንደምሰጥ ልመርምር።» እስካሁን እየመረመሩ ነው።

ኖይ የአርኔን አድራሻ ሰጥታን ስለነበር ዘርፌ ጻፈችለት። ና፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ላጉርስህ፤ ጠባችን ይፈታል፣ ሁላችንም የየራሳችንን እንይዛለን ብዬ ነው ያስጻፍኩት። መልሱ በማግስቱ መጣ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ። ይህን ረሃብ አልመልስም። እንዲህ ያለ ሰላም አግኝቼ አላውቅም።»

ሰላም አገኘሁ ይለኛል። የማንን ሰላም ነው ያገኘው?

እንግዲህ የሁሉም ነገር እንዲህ ሆነ። ሼፉ ማሰሮዎቹን አስነሥቶ አሁን ጫማ ብቻ ይቀበላል። ኖይ ከሱ ወጥታ የራሷን ምግብ ቤት ከፈተች፤ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ታቀርባለች አሉ። ዘርፌ ወደ መድኃኒት ቤቷ ተመለሰች። ጉልበቴ ደህና ነው። ፍልሰታን የምጾመው ማሚቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን ከውጭ እየቆለፈችብኝ ነው፤ እግዜር ይስጣት።

አርኔ ባለፈው ሳምንት ፎቶ ላከ። ከስቷል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከበላዩ ያለው ሰዓት በኛ ዘጠኝ ይላል። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ግን ሦስት ወንበር አቅርቧል፤ አንድ ዳቦ ለሦስት ቆርሶ በየወንበሩ ፊት አስቀምጧል። እሱ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ለምን እንደሚያደርገው አላውቅም ብሎ ጽፏል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። ሁለቱ ቁራሾች አልተነኩም። ሦስተኛው ተገምጧል፤ መሐሉ ላይ፣ የፊት ጥርስ በሚያርፍበት፣ ዳቦው እንዳለ ቀርቷል።