ስዕሉ ከወጣ ትሄጃለሽ

አለቃዬ አቶ ይበልጣል ቃሉን የሰጠኝ በሰው ፊት ነው፤ በዘጠና ዓመተ ምሕረት። ላፕቶፑ ላይ ስዕል ካወጣሁ ዝውውሬን ይፈርማል። ልጄ ፌቨን ደብረ ማርቆስ እናቴ ዘንድ ናት። ባለፈው ክረምት ስሄድ አያቷን «እማዬ» እያለች እኔን «እትዬ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ ሴቻ ሰፈር ያለው ቢሯችን እስር ቤት ሆኖብኛል።

ላፕቶፑን የተወልን አንድ የውሃ ባለሙያ ፈረንጅ ነው። አሮጌ ስለሆነ ከባድ ሲስተም አይችልም ብሎ ሊነክስ የሚባል ቀለል ያለ ጫነበትና አገሩ ገባ። ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ብቻ ነው። አለቃዬ ደግሞ የአባያንና የጫሞን ካርታ በቀለም ማየት አማረው። የስክሪኑን ልክ በግምት ጽፌ ትእዛዙን ስሰጥ ድርግም ይላል። አጥፍቼ አበራለሁ፤ ያው ጨለማ። ከመስኮት ልወረውረው ስንቴ እጄን በላኝ። በመጨረሻ አለቃዬ ያማረውን ጥራት ትቼ፣ ቀለሙን እንደ አቅሙ ስቀንስለት ሁለቱ ሐይቆች ብቅ አሉ። ብቻዬን አለቀስኩ።

አቶ ይበልጣል ከየቢሮው ሰው ጠርቶ አሳየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ታዲያ አንቺ ከሄድሽ ማን ያወጣልናል?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አለቃን ረስተውታል።

ላፕቶፑ ሲከፈት ካርታው በራሱ እንዲመጣ ለማድረግ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። ሰው ካስተማርኩ እንዲለቀኝ ለምኜ አሳመንኩትና ኦይታን ሰጠኝ። ኦይታ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የጋሞ ደጋ ሰው፣ ጨዋ። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዞቹን ከእኔ ፈጥኖ ይጽፍ ጀመር። እኔም ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ።

አለቃችን ሊያይ ሲመጣ ግን ኦይታ ጨለማ አወጣ። በማግስቱም ጨለማ። እንደገና ሲደግመው አቶ ይበልጣል ራሱን እየነቀነቀ ወጣ፤ እኔ በሩን ዘግቼ ጮኽኩበት። የልጄን ነገር ሳይቀር ነገርኩት። እስክጨርስ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ተቀምጦ ካርታውን ባንዴ አወጣው።

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ ጸዳለ» አለ። «እኔም ወደ ጨንቻ ዝውውር ጠይቄያለሁ። ሚስቴ እዚያ ልትወልድ ነው።»

ልሰድበው ጀምሬ ተውኩት፤ ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ሐይቆቹን አየን።

የአለቃችን ኮቴ ወደ ቢሮው ሲመለስ ተሰማ። የላፕቶፑን ማጥፊያ የተጫንኩት እኔ ነኝ።