እጣው ያልደረሳቸው

«ቅመሺ እንጂ ፅዮንዬ፤ አብሮ አይሞት ነገር!» አለች ጎረቤቷ ሃጂራ። ከቤቷ ሠርታ ያመጣችውን የእዝን ሽሮ ከጓዳ ባገኘችው ሰሐን አቅርባለች።

ፅዮን ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ራሷን ነቀነቀች። አባቷ ዶክተር አምሐ ከተቀበረ ወዲህ እህልም እንባም እምቢ ብሏታል። ድንኳኑ ውስጥ የቀራንዮ ሰፈር ሰው ካርታ ይጫወታል፤ ስለ ሟቹ የሚያወራ ግን የለም። ምን ብሎ ያውራ? ሰውየው በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ነበር።

ሥራው የእርዳታ ፕሮግራሞች ድሃውን ይጥቀሙ አይጥቀሙ መመዘን ነው። ልጅ ሳለች አንድ እሁድ፣ «እርዳታው ያልደረሳቸው ሰዎች ቤት ደግሞ ምን ልታደርግ ትሄዳለህ?» አለችው።

«ያላገኙትን ሳላይ፣ ያገኙትን እንደጠቀመ በምን አውቃለሁ?» ብሎ ጫማውን አሰረ።

እናቷ ከሞተች በኋላ እራቱን ክዳን ደፍታ ታስቀምጥለት ነበር። ጠዋት ሰሐኑን ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ታገኘዋለች። «ጣፈጠኝ» የለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» የለ። እሱ ያልደረሰኝስ እኔ ነኝ እያለች፣ ምርር ብሏት አደገች።

ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች። አልማዜ ትባላለች፤ አየር ጤና ጉልት ላይ ቲማቲም ትሸጣለች።

«ለሰፈራችን ድሆች እርዳታ ሲመጣ በእጣ ነበር» አለች በሹክሹክታ። «እኔ አልደረሰኝም። አባትሽ ግን በየዓመቱ እየመጡ ‹ትናንት ማታ ምን በላችሁ?› ይሉኛል። አንድ ቀን በሸቅኩና ‹እርስዎስ ምን በሉ?› አልኳቸው።»

«ምን አለ?»

«‹ልጄ ሽሮ ክዳን ደፍታልኝ ተኝታለች። እንዳትነቃብኝ መብራት ሳላበራ ቆሜ በላሁ። አመስግኛት አላውቅም፤ አፌ አይፈታልኝም። ሰሐኑን ግን አጥቤ አስቀምጥላታለሁ፤ መቼም ይገባታል› አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።»

አልገባትም ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት አልገባትም።

አልማዜ ወደ እሷ ጎንበስ አለች። «አንቺስ እናቴ፣ ትናንት ማታ ምን በላሽ?»

ፅዮን ሰሐኑን ሳበችው። ሽሮው ቀዝቅዟል። እያለቀሰች ምንም ሳታስተርፍ በላችው። ሃጂራ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ ኀዘንተኛ ሥራ አይነካም።

«ይሄን እኔ ልጠበው» አለች ፅዮን።

መሽቶ ስለነበር ጓዳው ጨልሟል። መብራቱን ሳታበራ ሰሐኑን አጥባ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችለት።