ቁጥር አሥራ ሰባት

በሙዚየሙ ምድር ቤት አርባ አንድ የራስ ቅሎች ነበሩ፤ ጠባቂያቸውንም ባልደረቦቹ «የሙታን ሞግዚት» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ቅሎቹን ያመጣቸው፣ በደጅ የነሐስ ሐውልት የቆመለት፣ ተማሪዎች «የወንዙን ምንጭ ያገኘ» ብለው የሚያጠኑት ታላቁ አሳሽ ነው፤ ከዚያ ምንጭ ሲቀዱ የኖሩት ሰዎች ዕውሮች የነበሩ ይመስል። ይኸው ሰው ጠዋት የወንዙን ጥልቀት እንደ ለካ፣ ከሰዓት በኋላም ጀልባ የከለከሉትን ባላባት አንገት አስቆርጦ ራሳቸውን በጨው በርሜል እንደ ከተተ በማስታወሻው ጽፏል፤ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት እርጋታ። በመዝገቡ ለባላባቱ የተረፈላቸው ስም «ቁጥር አሥራ ሰባት» የሚል ነው።

ዘመን ተለወጠና ሙዚየሙ የአሳሹን ታሪክ እንደገና እመረምራለሁ አለ። ቁጥር አሥራ ሰባት ለልጅ ልጃቸው እንዲመለስም ቀን ተወሰነ።

ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር የቀረው ጠባቂ ይህን ሲሰማ የቆየ ጥፋቱ ትዝ አለው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት አቧራቸውን ላጽዳ ብሎ ቅሎቹን ሁሉ በአንድ ገንዳ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፏቸው ነበር። ሙጫው ለቀቀና የመለያ ወረቀቶቹ ተንሳፈፉ። አለቃው ከምሳ ሳይመለስ ወረቀቶቹን አድርቆ፣ እጁ እንደ መራው ለጠፋቸው፤ ሆድ ይፍጀው ብሎም ኖረ። በጎረቤት ክፍል ያሉትን የሸክላ ማሰሮዎች ግን ያጠባቸው አንድ በአንድ ነበር።

የልጅ ልጅየዋ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ናቸው። አማቻቸው የሠራላቸውን ትንሽ ሣጥን አቅፈው መጡና ንግግሩ ሳይጀመር አያቴን ልያቸው አሉ። ጠባቂው ቁጥር አሥራ ሰባትን ጠረጴዛ ላይ አኖረላቸው። ቅሉን እየዳሰሱ፣ አያታቸው ያለ ራስ እንደ ተቀበሩ፣ አባታቸው «አባቴን ሳላሟላቸው ሞትሁ» ብለው እንዳረፉ፣ መቃብሩም ትናንት እንደ ተከፈተ አወሩለት። ከዚያ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አብረሃቸው ኖረሃል። አያቴ ናቸው?»

አዎን ማለት ይበቃው ነበር። እርሱ ግን የታፈነው ገነፈለበትና ገንዳውን፣ ሙጫውን፣ ወረቀቱን ሳያስቀር ነገራቸው።

«እንግዲያስ አርባ አንዱንም ስጡኝ» አሉ አዛውንቷ። «የሰው አያት ደጅ አያድርም፤ ከእርሳቸው ጋር አሳርፋቸዋለሁ።»

ዳይሬክተሩ ተጠርቶ ወረደ። በመጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ፤ ነገሩ ሲገባው ግን ፈካ። ደንቡ ማንነቱ የታወቀ ቅሪት ብቻ ይመለሳል እንደሚል አስረዳ። አጥንቱ አይመረመርም ወይ ቢሉት፣ ለምርመራ መብሳት እንደሚያስፈልግ፣ ለመብሳት የዘመድ ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ ዘመዱ ማን እንደ ሆነ ደግሞ ከምርመራው በፊት እንደማይታወቅ በትሕትና ነገራቸው።

«እማማ፣ የሌላ ሰው አያት ብንሰጥዎትስ? ለእርስዎ ክብር ብለን ነው።» ወደ ጠባቂውም ዞሮ «ጋሼ፣ ይህን በጽሑፍ ይሰጡኛል?» አለ።

ጠባቂው ጻፈ፤ ፈረመ። ሌሎቹን አርባ ሊጠይቁ ደጅ ይጠኑ የነበሩ ቤተሰቦች ሁሉ በዚያች ፊርማ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ዳይሬክተሩም ወደ አዳራሹ ወጥቶ፣ ስለ አሳሹ ጭካኔ ያዘጋጀውን ንግግር ስለ ተቋሙ ሐቀኝነት አንድ አንቀጽ ጨምሮበት አሰማ፤ ጭብጨባው እስከ ምድር ቤት ተሰማ።

ጠባቂው ይቅርታ ለመነ። አዛውንቷ የሣጥኑን ክዳን እየገጠሙ መለሱለት፦ «አሳሹ አንገታቸውን ቆረጠ፤ አንተ ስማቸውን አጠብህ። ዛሬ የተናገርኸው አንተ እንዲቀልልህ ነው። ለእኔ ብለህ ቢሆን የዛሬ ሠላሳ ዓመት ትናገር ነበር።»

ደረጃውን እየተደገፉ ወጡ። ጠባቂው መብራቱን አጥፍቶ እንዲመጣ ከላይ ተጠራ። ቅሉን አንሥቶ ወደ መደርደሪያው ሄደና፣ የቱም ቦታ ያው ነበርና፣ ቅርብ ባገኘው ላይ አኖረው።