የተፋቀችው ኩሬ

ሚስ ኮልበርን ቤትና አትክልት ቦታ ሲነድፉ አርባ ዓመት የኖሩ እንግሊዛዊት አርክቴክት ናቸው። አንድ ልማድ አላቸው፤ ታጣፊ በርጩማቸውን ይዘው ቦታው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ካልተቀመጡ እርሳስ አያነሡም። ለንደን፣ ስቶክዌል ያለው የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ጓሮም መጥተው እንደዚያው አደረጉ። ፀሐይዋ የት እንደምታርፍ፣ ነፋሱ በየት እንደሚገባ፣ አሮጊቶቹ ከቅዳሴ ሲወጡ የቱን ጥላ እንደሚመርጡ ሲያዩ ዋሉ። ከምእመናኑ አንዷ ወይዘሮ ሐረገወይን ሁለት ጊዜ ሻይ ቢያመጡላቸው ሁለቱንም ጠጡ።

በሳምንቱ ንድፉን ይዘው መጡ፤ በነጻ ነው የሠሩላቸው።

የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ መርዕድ ወረቀቱን ሲዘረጋው ቀጥ ብሎ ቀረ። ከመቅደሱ በስተምሥራቅ አንዲት ክብ ኩሬ ተሥላለች። ያ ቦታ ደግሞ የቤተልሔሙ ነው። ኅብስቱና ወይኑ ዐሥራ አንድ ዓመት በአዳራሹ ኩሽና ጥግ ሲሰናዳ ኖሮ፣ የራሱን ቤት ለመሥራት ገና አሁን ፈቃድ መጥቷል። ለሴትዮዋ የነገራቸው ግን የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ሁሉም ዝም ብሏል።

«ምን ይመስልሃል?» አሉት።

«በጣም ቆንጆ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» አለ መርዕድ።

ይህን የሰሙት ወይዘሮ ሐረገወይን በሩ ላይ ጠበቁት። «ቆንጆ ነው አልክ አሉ። ሰኞ ቆፋሪዎቹ ሲመጡ ካህናቱ ጀልባ ላይ ሆነው ይጋግሩ?»

«እማማ፣ በነጻ የደከሙልንን ሰው እንዴት ተሳስተዋል ልበላቸው?»

«የእኔ እንግሊዝኛ ቢበቃ አንተን መቼ እለምን ነበር።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መርዕድ ንድፉን ይዞ ዌምብሊ፣ ሚስ ኮልበርን ቤት ድረስ ሄደ። ስለ አየሩ አወራ፤ ስለ ባቡሩ አወራ፤ ጽጌረዳቸውን አመሰገነ። ሻዩ በረደ። በመጨረሻ «ኩሬዋ» አለና ቆመ።

«ኩሬዋ ምን ሆነች?»

«ቦታዋ የቤተልሔም ነው። ኅብስቱ የሚሰናዳበት ቤት ከመቅደስ በስተምሥራቅ ነው የሚቆመው። ያን ዕለት ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ።»

ይሉኝታ ምን እንደሆነ ጠየቁት። ሰው እንዳይቀየም ብሎ እውነቱን መዋጥ ነው አላቸው፣ ዓይኑን ከሲኒው ሳያነሣ።

«እኛም አለን» አሉ፣ «ስም አላወጣንለትም እንጂ። ይኸውልህ፣ ሁሉን ነገር ቆንጆ ነው ያሉኝ ሰዎች ናቸው እስከ ዛሬ ቤታቸውን የማይወዱት።»

ላጲስ ፈልገው ኩሬዋን ፋቋት። ከዚያ እርሳሱን ለመርዕድ ሰጡት። «ቤተልሔሙ የት እንደሚቆም፣ በሩም በየት በኩል እንደሆነ አሳየኝ።»

መርዕድ ትምህርት ቤት ከለቀቀ ወዲህ ሥዕል ነክቶ አያውቅም። አራት መስመር ሳበ፤ አንዱ ጠመመ። አልሳቁበትም። «ትንሽ ወደ ግራ ብታደርገው ጓሮው ውስጥ ያለው የፖም ዛፍ ይተርፋል» ብቻ አሉት።

ቤተልሔሙ ዛሬ ቆሟል፤ ዛፉም ተርፏል። የተመረቀ ዕለት ሚስ ኮልበርን በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ዛፉ ሥር ተቀመጡ፣ ወይዘሮ ሐረገወይንም ሦስተኛውን ሻይ አመጡላቸው። ንድፉ በመስተዋት ተከድኖ አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። ጠጋ ብሎ ላየው፣ ከጠማማው መስመር ሥር የተፋቀችው ኩሬ ክብ አሁንም ትታያለች። መርዕድ ሲያልፍ መስተዋቱን በእጅጌው ጠረግ ሳያደርገው አይሄድም።