ሳረንስቱን አትርገጡ

ባልዶሜሮ የጎማ ጀልባ ነጂ ነው። ሃያ አራት ቱሪስት የያዘችው ትንሽ መርከብ በደቡብ ቺሊ ደሴቶች መሐል ስትሽሎከለክ፣ እሱ ሰዎቹን ጫካው ዳርቻ ያደርሳል፣ ይመልሳል። ያን ቀን ጠዋት የቆሙበትን ወሽመጥ ሲያየው ግን ወዲያው አወቀው። እስከ ዘጠኝ ዓመቱ እዚያ ነበር ያደገው። አባቱ ጥድ እየቆረጠ ቤተሰቡን ያኖር ነበር፤ በኋላ ቦታው ፓርክ ነው ተባለና ተነሡ ተባሉ።

አስጎብኚዋ ፌርናንዳ ከሳንቲያጎ የመጣች፣ ሥራዋን የምትወድ ልጅ ናት። በዝናቡ ውስጥ ቆማ ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ ስታስረዳ፣ ባልዶሜሮ ከመስማት ብዛት የለመዳትን አንዲት ነገር ለየ፦ የሰው እግር ያልረገጠው ጫካ።

ዛፎቹ ሥር እንደገቡ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ካሜራዋን ይዛ እንደ ምንጣፍ በለሰለሰ ሳረንስት የተሸፈነ አንድ አረንጓዴ ጉብታ ላይ ወጣች። ባልዶሜሮ ጉብታውን ያውቀዋል፤ አባቱ ዙሪያውን ካጠረው አጥር የቀሩት ሁለት የበሰበሱ እንጨቶች ናቸው። ከጉብታው ሥር የተቀበረችው በስምንት ወሯ ሳል የገደላት እህቱ ኤድልሚራ ናት።

“ፌርናንዳ ልጄ፣ እባክሽ ሴትዮዋ ትውረድ። የእህቴ መቃብር ነው።”

ልጅቷ ደነገጠች። ሄዳ ለሴትዮዋ ነገረቻት። ሴትዮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወረደች፤ ጎንበስ ብላም ጉብታውን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ዳበሰችው። ሌሎቹም ዞረው አለፉ። የባልዶሜሮ አንጀት ራሰ።

መርከቧ ጋ ሲደርሱ ምን ብላ እንደነገረቻት ጠየቃት።

“ሳረንስቱ ለማደግ መቶ ዓመት ይፈጅበታል፣ አትርገጪው አልኳት” አለች ዓይኗን እያሸሸች። “አይቀየሙኝ ዶን ባልዶ፣ ሰዎቹ ለዕረፍት ነው የመጡት። መቃብር ካልኳቸው ቀናቸው ይበላሻል።”

“እንዲያ ያዘነችው ለሳረንስቱ ነው?”

ልጅቷ መሰላሉን ይዛ ወደ መርከቧ ወጣች።

በሚቀጥለው ጉዞ ካፒቴኑ ገመድ፣ አራት ችካልና አንድ ሰሌዳ ሰጠው። ፌርናንዳ ለምና ያስፈቀደችው ነው። ሰሌዳው “ስስ ሳረንስት፤ አይርገጡ” ይላል። ባሕር ውስጥ ሊወረውረው ቃጣው። ግን ካልተከለው ይረግጧታል። ችካሎቹን በድንጋይ እየመታ ተከላቸው፤ ሰሌዳውንም።

ወደሚኖርባት ከተማ ወደ ኬዮን ሲመለስ እናቱን ድንች እየላጠች አገኛት። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ኤድልሚራ እንደታጠረላት ሲነግራት ፊቷ በራ።

“ስሟንስ ጻፉላት?”

“ጽፈዋል፣ እማዬ።”

“በትልልቁ?”

“በትልልቁ።”

“እንግዲያው ሳልሞት አንድ ቀን ውሰደኝ።”

ባልዶሜሮ ቢላ አንሥቶ ድንች መላጥ ጀመረ። እሷ ግን የትኛውን ሹራብ ለብሳ እንደምትሄድ ማውራት ጀምራ ነበር።