የቀትር ጥሪ

የጭነት መኪኖቹ መመዘኛ ሚዛን ሥራ አቆመ። መስከረም የኮምፒውተሩን ቁልፍ ደጋግማ ብትጫነውም መልሱ ያው ነው፤ «ዲስኩ ሞልቷል»። ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ደጅ ላይ ተደርድረው ጡሩምባቸውን ያስጮሃሉ፤ የሸሕዲ ሙቀት ደግሞ ለማንም አያዝንም።

«አሮጌውን ሎግ አጥፊውና ገላግዪን!» አለ ሥራ አስኪያጁ ደረበ በሩ ላይ ቆሞ።

ሎግ፣ ሚዛኑንም የእርሻ ሬዲዮዎቹንም የሚያገናኘው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የገጠመውን ሁሉ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ሆዳም ነው፤ በቃኝ አያውቅም። መስከረም በየሳምንቱ ትጠርገዋለች፤ ታዲያ አሁን ምን ሞላው? ስትከፍተው ከላይ እስከ ታች የአንድ ቦታ ስም ብቻ ነው፤ ገለጉ ያለው እርሻቸው ሬዲዮ።

እርሻው አጨዳው እንዳለቀ ተዘግቷል። ቀን ሠራተኞቹ ተበትነዋል፤ ጠባቂው ማናዬም ወደ ወሎ ሄደ ተብሏል። በፀሐይ የሚሠራው ሬዲዮ ብቻ እዚያው ቀረ። ጥሪው እንዳይረብሽ እዚህ ቢሮ ድምፁን ያዘጋው ደረበ ነበር።

«ጦጣ ናት የምትነካካው» አለ። «አጥፊው ብያለሁ!»

ሬዲዮው መልስ ሲያጣ ጥሪውን ይደጋግማል፤ ይህ «በራሱ» ተብሎ ይጻፋል። የሬዲዮውን ቁልፍ ሲጫኑት ግን «በእጅ» ይላል። መስከረም «በራሱ» የሚለውን ሁሉ አጠፋችው። ሚዛኑ ሠራ፤ ደረበም እያጉረመረመ ወደ መኪኖቹ ሄደ።

ጥቂት መስመሮች ቀሩ። ሁሉም «በእጅ»፣ ሁሉም በቀትር፤ የመጨረሻው የትናንት ነው። ጦጣ ሰዓት አትጠብቅም።

«ጋሽ ቸሩ» ብላ ዘበኛውን ጠራች፤ «ማናዬ መኪና ሲሳፈር ያየው ሰው አለ?»

«ሄደ ሲሉ ሰማሁ እንጂ ያየውስ የለም።» ሽማግሌው ስክሪኑን አይተው አማተቡ። «ልጄ፣ በቀትር የጠራሽን ሦስቴ ካልጠራ አቤት አትበይው። ጋኔን ሦስተኛውን አይጠራም። ቸኩሎ አቤት ያለ ይለከፋል።»

«ኧረ ጋሽ ቸሩ፣ ጋኔን ደግሞ ቁልፍ ይጫናል እንዴ?»

«ምን ይሳነዋል?»

ልትስቅ ፈለገች፤ ሳቋ አልመጣም። ሰዓቱ ቀትር ሆነ፤ ወዲያው ስክሪኑ ላይ አዲስ መስመር ወጣ። «በእጅ»።

ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው ወጣ። «በእጅ»።

ሦስተኛውን ጠበቁ። የመኪኖቹ ጩኸት ከሩቅ የሚመጣ መሰላቸው። ቢጠብቁ፣ ቢጠብቁ «በራሱ» ብቻ ነው፤ ሦስተኛው «በእጅ» የለም።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ቸሩ እፎይ ብለው። «እንኳን ዝም አልሽ። በይ ዝጊው።»

መስከረም አልዘጋችውም። ፈርታለች።

«ሦስተኛውን የሚጫንበት አቅም ያጣ ሰው ቢሆንስ፣ ጋሽ ቸሩ?»

 መስከረም የተዘጋውን ድምፅ ከፈተች፤ ማይክሮፎኑንም ወደ አፏ አስጠጋች።

«አቤት፣ ማናዬ» አለች።